ፈተናው ሳያልቅ ለሊሊ እንዳይነገር

ሰበታ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማሪቱ
ጁባ

እግዚአብሔር የቆምሽበትን ምድር ያጽናልሽ፤ ያበሰልሽውን የሚበላ ሰው አያሳጣሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና አይደለም፤ እሱ ግን ከድሮም ከእኔ ጋር አይስማማም።

ይህን የያዘልሽ ሱልጣን ነው፣ ለምትሠሪበት ሆቴል ዕቃ የሚያመላልሰው ነጋዴ። «ጋሼ ለምን አይደውሉም» እያልሽ እንደምታማርሪ ሊሊ ነግራኛለች። አልደውልም። ስልክ ላይ ሰው ሁሉ ደህና ነው። ወረቀት ላይ ግን የሚዋሽ ሰው እጁ ይከብደዋል። ደግሞ ቀኝ ጆሮዬን ፋብሪካው በልቶታል፣ ታውቂያለሽ።

አሁን ስለ ልጅሽ። ሊሊ ትበላለች፣ ታጠናለች፣ አፍ አፌን ትለኛለች። የመጨረሻውን ብትቀንስ ደስ ባለኝ። አያትሽና እናቴ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ እኔ ቤት እንግዳ አይደለችም፣ እንደ እንግዳም አልይዛትም።

የምጽፍልሽ ዋናው ነገር ይህ ነው። ዘንድሮ ክልሉ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ወጥ ፈተና በየትምህርት ቤቱ ሊሰጥ ነው። ዋናው አገር አቀፍ ፈተና ከመድረሱ በፊት ለዩኒቨርሲቲ የበቃውንና ያልበቃውን ለመለየት ነው አሉ። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ያው ወረቀት፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት። ከሦስቱ ከተሞች ብልጫ ያመጡ ጥቂት ልጆች ሱሉልታ በሚከፈት አዳሪ ክፍል ገብተው እስከ ሰኔ በደንብ ይማራሉ። ሊሊ ከዚያ ክፍል ሌላ ወሬ የላትም። ልክ ናት። እዚህ የፊዚክስ መምህሩ ከኅዳር ጀምሮ የለም፤ የሒሳቡ አለ፣ ግን ባይኖር ይሻል ነበር። እዚህ ሆና ሰኔን ብትጠብቅ የአምናው ይደገማል።

ርእሰ መምህርቷ ሰብለወርቅ ቤቴ ድረስ መጥታ የፈተናው ኮሚቴ ውስጥ አስገባችኝ። በሕይወቴ አንድም ፈተና ተፈትኜ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው፤ ያስተማረኝም ያረመኝም የለም። ይህን ነገርኳት። እሷ የፈለገችው ግን የእኔን እውቀት አልነበረም፤ የዕድሩን ጠረጴዛና ወንበር ነበር። በሌላው ቀን ሦስት ልጅ የሚቀመጥበት ዴስክ በፈተና ቀን ለአንድ ልጅ ነው፣ ስለዚህ ዕቃው አይበቃም።

«የዕድር ዕቃ ከለቅሶ በቀር ለምንም አይወጣም። አንቀጽ ሰባት» አልኳት።

«ጋሼ፣ ታዲያ ልጆቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ይፈተኑ?»

«መሬት ላይ ተቀምጠው የተማሩ ስንት ሊቃውንት አሉ።»

«እነሱ መልስ መስጫ ወረቀት ላይ ክብ አላጠቆሩም» ብላኝ ተነሥታ ሄደች። ጠባይዋ ጥሩ ነው። ዕቃውን ግን አልሰጠሁም። እኔ የዕድሩ ዳኛ ነኝ፣ አንቀጹን የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

በያለሽበት ሰላምሽ ይብዛ።

ወንዳፍራሽ


ጁባ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ወንዳፍራሽ
ሰበታ

ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ከሚታዘዝ ጉልበት ጋር ይስጥልኝ። ለልጄ ጣራ ስለሆኑላት ምስጋናዬን የምገልጽበት ቃል የለኝም።

ጋሼ፣ ስለ ዕድሩ ዕቃ የጻፉትን ሳነብ ሳቅሁም፣ ተናደድኩም። አንቀጽ ሰባትን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አምና የሆነውን ግን ያስታውሱልኝ። ትምህርት ቤቱ የራሱን ሞዴል ፈተና ሲሰጥ፣ ሊሊ ወረቀቷ ላይ እንዳቀረቀረች አንዲት ጎረቤት መስኮቱ ድረስ መጥታ «ወንድምሽ ሞያሌ ላይ ተያዘ» አለቻት። ልጄ እስክሪብቶዋን ጥላ ወጣች። ከዚያ በኋላ ልጄ ባርናባስ ተለቆ እንደገና ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ገባ አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውም ጠፋ። ሊሊም የሰኔው ፈተና ላይ ተቀመጠች እንጂ ልቧ አብሯት አልነበረም። ውጤቷን ያውቁታል።

ዘንድሮ ይህ ክፍል ካመለጣት ልጄ ከመጽሐፍ ጋር ትለያያለች። እኔ በሰው ኩሽና ያረጀሁት ለዚህ አይደለም። ስለዚህ ዕቃውን ይስጧቸው፣ በእናትዎ አፅም።

ሌላ ደግሞ፣ ስልኳን ቀን ቀን እንደሚወስዱባት ነግራኛለች። እባክዎ ተዉላት። የእሷን ድምፅ ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም።

በፍቅርና በአክብሮት
ልጅዎ ማሪቱ


ሰበታ፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማሪቱ

ጾሙን የሚጾም ጉልበት ይስጥሽ። እኔ ጀምሬያለሁ፤ ሊሊም ጀምራለች፣ ሽሮውን ግን ትሰድበዋለች።

በእናቴ አፅም ለምነሽኛል። በእናት አፅም ተለምኜ አንቀጽ አላፈርስም። ይሁን እንጂ ነገሩን ለዕድሩ ጉባኤ አቀረብኩት፤ ማቅረብ ይፈቀዳል። ባለፈው እሑድ ክርስቲያኑም እስላሙም ተሰበሰበ፤ ገሚሱ ይሰጥ አለ፣ ገሚሱ አይሰጥ። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ። ጠረጴዛው ትምህርት ቤት ሳለ ሰው ቢሞትብን ምን እናደርጋለን?

ኦቦ ኩምሳን ታስታውሺዋለሽ፣ ከእኔ ግቢ ቀጥሎ ያለውን። ኩላሊቱ ከተበላሸ ቆየ፤ ዱላውን ተደግፎ ተነሣ።

«ወንዳፍራሽ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው የመሞት ተራው የማን ነው?» አለኝ።

ሁሉም እግሩ ሥር ያለውን መሬት አየ።

«የእኔ ነው! ሐኪሙ ያውቃል፣ እናንተም ታውቃላችሁ። መቃብሬን የሚቆፍሩትን ጎረምሶች መርጣችሁ መጨረሳችሁን ሰምቻለሁ። አንዱ ሰነፍ ነው፣ ቀይሩት። እንግዲህ ስሙኝ። ፈተናው ረቡዕ ጀምሮ ዓርብ ያልቃል አይደል? እስከ ዓርብ እታገሣለሁ፣ ቃሌ ነው። ስጧቸው!»

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ሴት ደግሞ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ኩምሳ ተመልሶ ተቀመጠና «ገለቶማ» ብሎ ሁሉንም አመሰገነ፣ እንደተሾመ ሰው።

አንቀጽ ሰባትን አልቀየርኩም። አንቀጽ በሳቅ አይቀየርም። ይልቅ አምና ከዚያ ትምህርት ቤት ስንት ልጅ እንዳለፈ ሰብለወርቅን ጠየቅኳት። ነገረችኝ። ይህ ፈተና ከለቅሶ ይቆጠራል ብዬ ወሰንኩ። ለለቅሶ ደግሞ ዕቃው ይወጣል። ስለዚህ ሕጉ አልተነካም።

ፈተናው መጋቢት 24፣ 25 እና 26 ነው። በረጅሙ ጠረጴዛችን በአንዱ ጫፍ አንድ ልጅ፣ በሌላው ጫፍ አንድ ልጅ ይቀመጣል። መምህር የራሱን ተማሪ አይጠብቅም፤ የቡራዩ መምህራን ወደ እኛ ይመጣሉ፣ የእኛዎቹ ሱሉልታ ይሄዳሉ፣ የሱሉልታዎቹ ቡራዩን ይጠብቃሉ። ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ፤ የሰው ልጅ ለገዛ ልጁ ሲሆን ዐይኑ ይሰንፋል።

የግቢውን በር የምጠብቀው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ደወል ከተደወለ በኋላ የሚገባ የለም፣ የሚወጣ የለም፣ የሚተላለፍ መልእክት የለም። አምና በመስኮት የገባው ወሬ ዘንድሮ በበር አይገባም።

ስልኳን ማታ ማታ እሰጣታለሁ። ከዚህ በላይ አትለምኚኝ።

ወንዳፍራሽ


ጁባ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ወንዳፍራሽ

እግዚአብሔር የወደደውን አደረገ። እኔ አለሁ።

ጋሼ፣ ስለ ባርናባስ ወሬ ደርሶኛል። በወረቀት የሚጻፍ አይደለም፤ መጻፉንም ፈራሁት። በአካል እስኪደርስላችሁ ድረስ በሆድዎ ይያዙት። ከሁሉ በላይ ግን ፈተናው ሳያልቅ ለሊሊ እንዳይነገር። አምናን አይርሱብኝ።

ስልኳን ተዉላት ብዬ ነበር። አሁን ይውሰዱባት፤ ለጥናት ነው ይበሏት። ልጄ ድምፄን ታውቀዋለች። ሦስት ቀን ሙሉ አልቅሼ ጉሮሮዬ ተዘግቷል፣ የሆቴሉ ሰው ሁሉ በእኔ ተጨንቋል። ብታናግረኝ ወዲያው ትነቃብኛለች።

ሱልጣን ሊነሣ ስለሆነ ቸኩያለሁ። ይጸልዩልኝ።

ማሪቱ


ሰበታ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማሪቱ

የሁላችን ጌታ ብርታቱን ይስጥሽ። የእናትን ሆድ እሱ ብቻ ያውቀዋል።

ደብዳቤሽን አንብቤ ገባኝ። ዳግመኛ መጻፍ አያስፈልግሽም፤ የዚህ ዓይነት ወሬ እንዴት እንደሚጻፍ በዚህ ዕድሜዬ አላጣውም። ስልክ ደውለህ ጠይቃት ያሉኝ ነበሩ። እናትን በስልክ ይህን የሚጠይቅ ሰው ሰው አይደለም።

ሊሊ ምንም አታውቅም። ስልኳን ወስጄ ሣጥኔ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ትናንት ክብ ማጥቆር ስትለማመድ አጠገቧ ቆሜ ቆይቼ ኖሮ፣ «አባባ፣ ለምንድነው እንደዚህ የሚያዩኝ?» አለችኝ።

«ጉልበቴን አሞኝ ነው» አልኳት።

«ታዲያ ጉልበትዎን አይዩም?»

አፏ እንደ ወንድሟ ነው። ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ሁሉን በሥርዓቱ አሰናድቻለሁ። የነገርኩት ለኦቦ ኩምሳና ለሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ነው። ዕቃው ዓርብ ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ በቀጥታ እኔ ግቢ ይራገፋል። ቅዳሜ ገና ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። እሷ ያን ጊዜ ፈተናዋን ጨርሳለች፤ ማንም አይቀማትም። አንቺ ያዘዝሽኝ ይህንን ነው፤ ይፈጸማል።

አንቺም እህል ቅመሺ። የሚቀር ልጅ አለሽ።

ወንዳፍራሽ


ጁባ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ወንዳፍራሽ

በማርያም፣ ምን ሰምተው ነው? ሰላምታ መጻፍ አቃተኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።

እኔ የማውቀው ይህንን ነው። ባርናባስ ወረቀት የለህም ተብሎ ታንዛኒያ ታስሮ ኖሯል። ሊፈቱት ነው፣ ወደ አገሩ ሊመልሱት ነው ብለው የነገሩኝ በመጋቢት መጀመሪያ ነው። ስንቱ «ተፈታ» ተብሎ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ እግሩ ቤት ሳይገባ ደስታዬን በወረቀት ማስፈር ፈራሁ። ሊሊ ደግሞ ብትሰማ ደብተሯን ጥላ ሞያሌ ድረስ ሄዳ ትቀበለው ነበር። ለዚህ ነው አይነገር ያልኩት። ባለፈው ሳምንት በሰው ስልክ ደውሎ «እማ፣ ድንበር ተሻግሬያለሁ፣ መኪና እየጠበቅሁ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያ ስልክ አይነሣም።

አሁን የእርስዎ ደብዳቤ መጣ። «የሚቀር ልጅ አለሽ» ይላል። የሚቀር! ሽማግሌ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ዕድሩ ግቢዎ ውስጥ! መንገድ ላይ ምን አግኝቶት ነው? መኪና ነው? የሊሊን ስልክ ሞከርኩ፣ ዝግ ነው። ለኦቦ ኩምሳ ደወልኩ። «አካም ጂርታ፣ ማሪቱ» ብለው ሰላም አሉኝ፣ ድምፃቸው ደህና ነበር። «ባርናባስ» ብዬ ስሙን ስጠራ ግን አለቀሱ። «አይዞሽ ልጄ፣ ቅዳሜ ሁሉም ተሰናድቷል» ብለው ስልኩን ዘጉት፤ ደግሜ ብደውል አያነሡልኝም።

ጋሼ፣ በሕይወትዎ አንድ ጊዜ ስልክ ይያዙ። አለ ወይም የለም ይበሉኝ። ሱልጣን እስኪደርስ ምን ልሁን?

ማሪቱ


ሰበታ፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማሪቱ

የማይነጋ የሚመስለውን ያነጋ አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

ዓርብ ማታ የልጆችሽን ድምፅ በስልክ ሰምተሻል። እኔም ስልኩን ይዤ «አሜን» ብያለሁ፤ ይኸው አንድ ጊዜ ያልሽው ተፈጽሟል፣ ዳግመኛ አትጠይቂኝ። የመጋቢት 22 ደብዳቤሽን ሱልጣን ያመጣልኝ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ነው፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ። እንግዲህ በሥርዓቱ ልጻፍልሽ፤ እነዚያ ሁለቱ ሲያወሩ እየተሳሳቁ ስለሆነ ሰው አይገባውም።

ረቡዕና ሐሙስ በደህና አለፉ። ሌንጮ የሚባል የቡራዩ መምህር ነበር፣ የልጆቹን ጫማ ሳይቀር እያስወለቀ ያያል፤ ወደድኩት። ሐሙስ ዕለት አንድ ከረባት ያሰረ ኃላፊ መጥቶ ክፈት አለኝ። ባጅ የለውም። «እኔን አታውቀኝም?» አለ። «አላውቅህም፣ ባጅህን ግን ባየው አውቀዋለሁ» አልኩት። ተመለሰ። ሰብለወርቅ በኋላ ስትሰማ ራሷን ያዘች።

ዓርብ የመጨረሻው ሒሳብ ነበር፣ ሊሊ የምትፈራው። በሩ ከተዘጋ፣ ወረቀቱም ከታደለ በኋላ ነው። ከታክሲው ማቆሚያ በኩል አንድ ከሲታ ሰው የራሱ ያልሆነ ሰፊ ጃኬት ለብሶ መጣና ከብረቱ ማዶ ቆመ።

«አባባ ወንዳፍራሽ» አለኝ።

አማተብኩ።

«ባርናባስ ነኝ እኮ።»

«ባርናባስ ሞቷል» አልኩት።

«ማን አለ?»

«እናትህ ጽፋልኛለች።»

«እማ ገደለችኝ?» ብሎ ሳቀ። የፊት ጥርሱ አንዱ የለም፤ ሳቁ ግን ያው ነው። እጄን በብረቱ መሐል አሾልኬ ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ፣ በልጅነቱ ከእኔ ጓሮ አጥር ወድቆ ያመጣውን፣ በጣቴ ዳሰስኩት። አለ። ሰው ነው። ይሞቃል።

«በሉ ክፈቱልኝ! ቤት ሄጄ ዘግታችሁ አገኘሁ፣ ጎረቤት ፈተና ላይ ናት አለኝ። ሊሊን ልያት!»

«አይከፈትም።»

«ምን?»

«ደወሉ አልተደወለም።»

«አባባ! ከሞት ተነሥቼ መጥቼ?»

«ከሞት ብትነሣም ደወሉ አልተደወለም። ድምፅህን ቀንስ፤ ድምፅህን ታውቀዋለች፣ መስኮቱ ቅርብ ነው።»

አየኝ። ወደ ክፍሎቹ አየ። አምና ማን መስኮቱ ላይ እንደቆመ፣ በማን ምክንያት እንደሆነ እሱም ሰምቷል መሰለኝ። በሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ኪሴ ውስጥ የነበረውን ቆሎ በብረቱ አሾልኬ ሰጠሁት፤ እንደ ወፍ ለቀመው።

ማሪቱ፣ ቁልፉ በእጄ ነበር። ከአንዱ ኪሴ ወደ ሌላው ደጋግሜ አዛወርኩት። በሩን መክፈት ለእኔ ምን ነበር? ግን እዚያ ውስጥ ስንቱ ልጅ እንዳቀረቀረ ካለሁበት ቦታ ሆኜ ይታየኝ ነበር። ስለዚህ በግራ እጄ ቁልፉን ጨብጬ፣ ቀኝ እጄን በብረቱ መሐል አውጥቼ ትከሻውን ይዤ ቆምኩ። ፊቴን ባዞር የሚጠፋ መስሎኝ ነበር። ደወሉ እስኪደወል አልለቀቅሁትም። ጉልበቴ ያን ዕለት አንድም ነገር አልተናገረኝም።

ደወሉ ተደወለ። ወረቀቱ ተሰብስቦ ታሸገ፤ እሱም ሳያልቅ አልከፈትኩም። ሊሊ እያጉረመረመች ወጣች፣ «አባባ፣ የመጨረሻው ጥያቄ እኮ...» ካለች በኋላ ያለውን አልሰማሁም። በሩን ከፈትኩ። የቀረውን ከራሷ ስሚው፤ እኔ ፊቴን ወደ ግንቡ አዙሬ ስለነበር በደንብ አላየሁም።

አሁን ደግሞ የቅዳሜውን። በዓርቡ ነገር ሁሉ ሽማግሌዎቹን ዘነጋኋቸው። የዕድሩ ዕቃ እንደታዘዘው ግቢዬ ተራግፏል፣ እኔም በሰላም ተኝቻለሁ። ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ፊታቸውን አጥቁረው፣ ሦስቱም ቆመዋል። በሩን የከፈተላቸው ባርናባስ ነው።

አንደኛው ሽማግሌ ወደ ኋላው ሸሸ። ሁለተኛው «ቤቱን ተሳስተናል» አለ። ኦቦ ኩምሳ ግን ዱላውን ጥሎ ልጁን አንገቱን አቀፈውና፣ «ዋቃ! መርዶ ልንነግር ብንመጣ ሟቹ ራሱ በር ይክፈትልን?» እያለ መንደሩን ቀሰቀሰው። ወዲያው ሰው ጎረፈ። ገሚሱ የዕድሩ ዕቃ ግቢዬ ሲራገፍ አይቶ ሊያለቅስ የመጣ ነው፤ ከበሩ ሲገባ እልል ይላል። ንፍሮው ኩምሳ ቤት ቀድሞ ተቀቅሎ ስለነበር ያንኑ በሉ።

«ዳኛው፣ ወንበሩ እዚሁ ተቆልሏል፣ እንቀመጥበት» አሉኝ።

«አንቀጽ ሰባት» አልኩ። «ለለቅሶ እንጂ ለደስታ አይወጣም።»

«ፈተናውን ለቅሶ ነው ብለህ ሰጥተህ የለም?»

«ፈተናው ለቅሶ ነበር። ይህ ግን ለቅሶ አይደለም፤ ልጁ ይኸው ቆሟል።»

ጮኹብኝ። አልሰማሁም። ሁሉም ንፍሮውን በእጁ ይዞ ቆመ። ኩምሳ ግንቡን ተደግፎ እየተንገዳገደ፣ «ወንዳፍራሽ፣ እንግዲያውስ አሁኑኑ ልሙትልህና ሰው ይቀመጥ?» አለኝ። ለእሱ ከቤቴ ርካብ የሚያህል በርጩማ አወጣሁለት። የራሴ ነው፣ የዕድሩ አይደለም።

በተፈጠረው ነገር ጥፋቱ የእኔ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። አገር ምድሩ ሞትን በምን ዓይነት ቃል እንደሚጽፍ እያወቅሽ በዚያው ቃል ጻፍሽልኝ። ከእንግዲህ ሰው በሕይወት ካለ «በሕይወት አለ» ብለሽ ጀምሪ።

ውጤቱ ገና ነው። ሰላም እደሪ፤ አሁን መተኛት ትችያለሽ።

ወንዳፍራሽ


ጁባ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ወንዳፍራሽ

በሕይወት አለሁ። እንዳዘዙኝ በዚህ ጀመርኩ።

ደብዳቤዎን ለሆቴሉ ልጆች ሁሉ አነበብኩላቸው። ስለ ወንበሩ ያሉት ላይ ስደርስ አንዷ «እውነት እንዲህ ያለ ሰው አለ?» አለችኝ። «አለ፤ ልጄን ያስተማረልኝ እሱ ነው» አልኳት።

ጋሼ፣ ስለ ደወሉ ባርናባስ ነግሮኝ መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር። እንዴት ከብረት ማዶ ያቆዩታል ብዬ። ከዚያ ግን «እማ፣ ጃኬቴን እንዲህ ጨብጦ ሲይዘኝ እዚያ መቆየቱ ደስ አለኝ፤ ከሄድኩ ጀምሮ እንደዚያ የያዘኝ ሰው የለም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ቁጣዬን ተውኩት።

ስልኳን ተዉላት አልልም፣ ውሰዱባትም አልልም። እንደ ወደዱ ያድርጉ። ሐምሌ ላይ በእግዚአብሔር ፈቃድ እመጣለሁ። መልካም የትንሣኤ በዓል ያድርግልን።

ልጅዎ ማሪቱ


ሰበታ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማሪቱ

ጾሙን አስፈትቶ ለዚህ ቀን ያደረሰን ይመስገን። ኦቦ ኩምሳም በእኛ ፋሲካ ዶሮ በላ፤ «ቃል የገባሁት እስከ ዓርብ ነው፣ የየትኛው ዓርብ እንደሆነ ግን አልተናገርኩም» ይላል።

ውጤቱ ወጣ። ሊሊ ተመርጣለች። ከእኛ ትምህርት ቤት ሌሎችም አሉ። ሰብለወርቅ ስማቸውን ሰሌዳው ላይ ስትለጥፍ ቆሜ ሙጫውን ያዝኩላት።

ትናንት ሱሉልታ አደረስናት። ባርናባስ ፍራሿን ተሸከመ፣ እኔ መጽሐፉን። ነፋሱ ብርድ ነው፣ ጋቢዬን ሰጥቻታለሁ። ስልኳንም ከሣጥኔ አውጥቼ በእጇ አስጨበጥኳት። ከአዳሪ ክፍሉ ግቢ ስንደርስ አንድ ወጣት ዘበኛ በሩ ላይ ቆሟል።

«አባት፣ ከዚህ ወዲያ ተማሪ ብቻ ነው» አለኝ።

«መጽሐፏን አልጋዋ ድረስ ላድርስላት።»

«አይቻልም።»

«እኔ የፈተናው ኮሚቴ ነበርኩ፣ ከሰበታ።»

«ባጅ አለዎት?»

ባርናባስ ሊሟገት አፉን ሲከፍት እጁን ያዝኩት። ሊሊ ፍራሹንም መጽሐፉንም በሁለት ዙር ራሷ አስገባች፤ ከውስጥ ሆና እጇን እያወዛወዘች ትስቅብኝ ነበር። ዘበኛው በሩን ዘጋው፣ ቁልፉንም ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ልጅሽ ጥሩ ቦታ ገብታለች። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ወንዳፍራሽ